ሦስቱ ቅጂዎች የተስማሙበት ቁጥር

ባለፈው ሳምንት አንድ መሥሪያ ቤት ያስወገዳቸውን አሮጌ ኮምፒውተሮች ለመለዋወጫ ብዬ ወሰድኩ። የመጀመሪያውን ሳጥን ብሎኖች ፈትቼ ክዳኑን ሳነሣ ሽታው ወጣ። የጋለ አቧራ፣ ሽቦ የሚያጣብቁበት የስታኞ ጭስ፣ ከሥሩ ደግሞ ዝገት ዝገት የሚል የሐይቅ ዳር እርጥበት። ሌላ ሰው ቢሆን አፍንጫውን ይይዝ ነበር። እኔ ግን መፍቻዬን እንደያዝኩ ብዙ ደቂቃ ሳልንቀሳቀስ ቆየሁ። ትዝታ ለመጻፍ ዕድሜህ ገና ነው የሚሉኝ አሉ፤ ሠላሳ ስድስት ዓመቴ ነው። ነገር ግን በዚህ ሙያ አሥራ አምስት ዓመት ማለት ለገበሬ ሦስት ትውልድ ነው። ያኔ የጠገንኳቸው ማሽኖች ዛሬ አንዳቸውም በሕይወት የሉም፤ የሠራንባት ቤት እንኳ ፈርሳ በቦታዋ ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ ቆሟል።

ቤቷ ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው አውራ መንገድ ዳር፣ ሚኒባሶች ሐይቅ ከተማ ሲደርሱ ሰው በሚያራግፉበት ቦታ ነበረች። በስተቀኟ ዓሣ ጠባሾች፣ በስተግራዋ አንድ ልብስ ሰፊ። አንድ ገጽ ማስጻፍ አምስት ብር፣ ፎቶኮፒ ሃምሳ ሳንቲም፣ አንድ ሚሞሪ ካርድ ዘፈን ማስሞላት አሥራ አምስት ብር። ባጃጅ ከመናኸሪያው እስከ ሐይቁ ዳር ሁለት ብር ነበር፤ ሁለት ብሩን ቆጥበው በእግራቸው የሚሄዱ ብዙ ነበሩ። ከዓረብ አገር የተመለሱ ልጃገረዶች ጫፉ በሚያብረቀርቅ ክር የተጠለፈ ጥቁር አባያ ለብሰው ሲገቡ ቤቷ በሽቶ ትሞላለች። ወንዶቹ የኋላ ኪሱ ላይ ንስር የተጠለፈበት ጂንስ፣ በእጃቸው ድምፁ እንደ ጡሩምባ የሚጮኽ ሁለት ሲም ያለው ስልክ። ዘፈን ስጭን አልቸኩልም ነበር፤ ምክንያቱም የእኛ አገር ደንበኛ በዘፈን አይታለልም። «አምባሰል ጫንልኝ ብዬህ ባቲ ነው የጫንክልኝ» ብሎ ከውጫሌ ድረስ የተመለሰ ሰው አውቃለሁ። እውነቱን ነበር፤ ከፍቼ አዳመጥኩት፣ ባቲ ነው። ይቅርታ ጠይቄ በነፃ ቀየርኩለት።

የቤቷ ባለቤት ጋሽ መኮንን ናቸው፤ ጡረታ የወጡ መምህር፣ ቀልደኛ፣ ኮምፒውተር መክፈት እንጂ መዝጋት የማያውቁ። እኔን የቀጠሩኝ ከአሥረኛ ክፍል በኋላ ቤት ተቀምጬ የሰው ሬዲዮ ስፈታ አይተው ነው። ያስተማረኝ ሰው የለም። ክዳኑ የተገነጠለ አንድ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ በአሮጌ ወረቀት ክምር ውስጥ አግኝቼ በመዝገበ ቃላት እየታገዝኩ፣ አንዱን ገጽ በሳምንት፣ እያነበብኩ ነው የተማርኩት። መጽሐፉ ተበላሽተውም ሥራቸውን ስለማያቋርጡ ማሽኖች ያወራል። እንዲህ ያለውን ማሽን መሥራት የፈለገ ሰው አስቀድሞ ብልሽቶችን በዓይነት በዓይነታቸው ይለይ ይላል። እኔም ለየሁ፤ ስማቸውን ግን ራሴ አወጣሁ። አንድ ጊዜ መጥቶ የሚያልፈውን «መንገደኛ» አልኩት። መብራት ብልጭ ሲል ማሽኑ ደንግጦ ይቆማል፤ ሲያስነሡት ምንም አልሆነም። የሚሄድ የሚመጣውን «ተመላላሽ» አልኩት። እንደ ወባ ነው፤ ጠጋኙ ፊት ሲቀርብ ይሻለዋል፣ ቤቱ ሲመለስ ያንቀጠቅጠዋል። የማይለቀውን፣ ክፍሉ ካልተቀየረ የማይሄደውን ደግሞ «ነዋሪ» አልኩት።

ይህ በዕድሜያቸው ነው። በጠባያቸውም ይለያያሉ፦ ዝም የሚል አለ፣ የሚዘገይ አለ፣ የሚዋሽ አለ። ዝም የሚለው ደግ ብልሽት ነው፤ መሞቱን በግልጽ ይነግርሃል። የሚዘገየው ትዕግሥት ያስጨርስ እንደሆነ እንጂ አይጎዳም። የሚዋሸው ግን ሥራውን በሰዓቱ ጨርሶ፣ ፊቱ ሳይለወጥ፣ የተሳሳተውን ነገር ልክ አስመስሎ ያስረክብሃል። መጽሐፉ ለውሸታሙ መድኃኒት አለው፤ አንዱን ሥራ ለሦስት ማሽን ስጥ፣ ሁለቱ የተስማሙበትን ያዝ ይላል። መድኃኒቱን በጣም ወደድኩት። ሦስት ማሽን ስላልነበረን በሦስት ቅጂ ተካሁት። ዋናው ማሽኑ ውስጥ፣ ሁለተኛው ሲዲ ላይ፣ ሦስተኛው ፍላሽ ላይ። በየሳምንቱ ሦስቱን ከፍቼ ፊደል በፊደል አስተያያለሁ። ለማንም ባልናገርም በዚህ ሥራዬ እኮራ ነበር።

ከፋይሎቹ ሁሉ የምሳሳለት «የዓረብ አገር ቁጥሮች» የሚለውን ነበር። ልጆቻቸው ሳዑዲና ኩዌት የሄዱባቸው እናቶች ብዙዎቹ ፊደል አልቆጠሩም፤ ቁጥር የተጻፈበት ብጣሽ ወረቀት በላብና በዝናብ ይጠፋባቸዋል። ስለዚህ ቁጥሩን እንመዘግብና በትልልቅ አሃዝ አትመን፣ በፕላስቲክ አሽገን እንሰጣቸዋለን። በገበያ ቀን ካርዳቸውን ይዘው ይመጣሉ። ደውለን ሁለት ጊዜ ካንጫረረ በኋላ እንዘጋለን፤ ልጅቱ ታይና መልሳ ትደውላለች። ዛሬ እናትና ልጅ በስልክ ፊት ለፊት እየተያዩ ነው የሚያወሩት። ያኔ ግን ልጅና እናትን ያገናኝ የነበረው ያ የታሸገ ካርድ ነበር።

እትየ ዘሃራ ከአምባሰል ተራራ ግርጌ፣ ስልክ ከማይሠራበት መንደር የሚመጡ እናት ናቸው። ቀጭን፣ አረንጓዴ ሻሽ አሥረው፣ ኮንጎ ጫማቸውን ደጃፍ ላይ ካላራገፉ የማይገቡ። በጽሑፍ አንቱ አልኳቸው እንጂ አፌ የለመደው እንደ እናቴ አንቺ ማለት ነው። ልጃቸው ሐያት የምትሠራበትን ቤት ስትለቅ አሮጌው ስልኳና የእኛ ቁጥር እዚያው ቀሩባት፤ አዲሱን ቁጥሯን ሰዓዳ ለምትባል ጓደኛዋ ሰጠቻት። ሰዓዳ ለዕረፍት መጥታ እኛ ቤት ገብታ ከስልኳ እያነበበች አስመዘገበችኝ። እየጻፍኩ ጮክ ብዬ አነበብኩላት፤ «ልክ ነው» አለች። በሳምንቱ ተመልሳ ሄደች።

በመጀመሪያው የገበያ ቀን ደወልን። የተቀዳች ሴት በዓረብኛ አንድ ነገር ተናግራ ዘጋች።

«ምን አለች?» አሉ እትየ ዘሃራ።

«ቁጥሩ አይሠራም ነው የምትለው።»

ሦስቱን ቅጂዎች ከፈትኩ። አሃዝ በአሃዝ አስተያየሁ። ሦስቱም አንድ ናቸው። «ቁጥሩ ልክ ነው እትየ፤ ሐያት ቀይራው ይሆናል» አልኩ።

«ሳትነግረኝ?»

ጋሽ መኮንን ከወዲያ ማዶ፣ «ከድር ልክ ነው ካለ ልክ ነው። ይህ ልጅ ተሳስቶ ከሚገኝ ሐይቁ ደርቆ ቢገኝ ይቀላል» አሉ። እኔን ማመስገናቸው ነበር። አንገቴን ደፋሁ እንጂ አላረምኳቸውም።

በሁለተኛው ገበያም እንደዚያው ሆነ። በሦስተኛውም። ወሩ አለፈ፣ ሁለተኛውም ወር አለፈ። እትየ ዘሃራ በመጡ ቁጥር ሦስቱን ቅጂዎች እከፍታለሁ፤ በከፈትኩ ቁጥር ይስማማሉ፤ በተስማሙ ቁጥር ለእኔ የቁጥሩ እውነትነት፣ ለእሳቸው ደግሞ የልጃቸው ጥፋት ይጠነክራል። መንደራቸው ውስጥ ወሬው ተነሥቶ ነበር። «ብር ስታይ እናቷን ረሳች» ይባላል። እትየ ዘሃራ መጀመሪያ ወሬኞቹን ይቆጡ ነበር፤ ኋላ ተዉት። ይህን ሁሉ የማውቀው ራሳቸው ስለነገሩኝ ነው። የወሬው ምንጭ እኔ መሆኔን ግን እሳቸውም አላሉም፣ እኔም አላሰብኩም።

አንድ የገበያ ቀን ገብተው ሳይቀመጡ ካርዱን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡት።

«እንካ ከድርየ። ከእንግዲህ አልመጣም። ዱዓ እንደሆነ ከቤቴም ይሰማል። ካርዷን ለሌላ እናት ጻፍባት።»

የታሸገ ካርድ ላይ እንደማይጻፍ ልነግራቸው አፌን ከፈትኩ። ትቼው ካርዱን አነሣሁት።

በዚያ ሰዓት አበጋር ይማም አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ፎቶኮፒያቸውን ይጠብቁ ነበር። አበጋር ማለት በእኛ አገር ደም የተቃቡትን፣ እስላም ክርስቲያን ሳይል፣ የሚያስታርቅ ሽማግሌ ነው። ጥርሳቸው አልቋል፤ ዓይናቸው ግን የበረታ ነበር።

«ቆይ አንች ዘሃራ፣ አትሂጅ» አሉና ወደ እኔ ዞሩ። «አንተ ልጅ፣ ቁጥሩ ልክ መሆኑን በምን አወቅህ?»

«ሦስት ቅጂ አለኝ አባ ይማም። ሦስቱም ይስማማሉ።»

«ሦስቱ ከማን ሰሙ?»

«ከዚህ ማሽን ነው የገለበጥኳቸው።»

«መስማማታቸውንስ ያየልህ ማነው?»

«ይኸው ማሽን ነው።»

ሽማግሌው ሳቁ። «እኔ ምስክር ስጠራ መጀመሪያ የምጠይቀው ያዩትን አይደለም። ትናንት ማን ቤት እንደበሉ ነው። ከአንድ ሌማት በልተው የመጡ ሦስት ምስክሮች ለእኔ አንድ ሰው ናቸው። ያውም አፉ የበዛ አንድ ሰው።»

«አባ ይማም፣ ማሽን እኮ አይበላም» አሉ ጋሽ መኮንን እየሳቁ።

«አይበላም? ታዲያ መብራት ሲጠፋ ምን ገደለው?»

ሁሉም ሳቀ፤ እትየ ዘሃራ እንኳ በሻሻቸው አፋቸውን ከለሉ። እኔ ግን ከጆሮዬ እስከ አንገቴ ጋልኩ። ያን መጽሐፍ ሁለት ጊዜ ጨርሼዋለሁ። ሦስቱ ማሽኖች አንዱ በአንዱ ብልሽት የማይነኩ፣ የተለያዩ ይሁኑ የሚል ዓረፍተ ነገር እንዳለበት ትዝ አለኝ፤ በእርሳስ አስምሬበታለሁ። ያሰመርኩበትን አላነበብኩትም ማለት ነው።

«እትየ ዘሃራ፣ እስከ ዓርብ ጊዜ ስጭኝ።»

«ዓርብ ምን አለ?»

«አላውቅም። አገኘዋለሁ።»

በማግሥቱ ጧት ማሽኑን ለደንበኛ አልከፈትኩም። ማሽኑ የሚሠራበትን ሁሉ ለጊዜው የሚያኖርበትን የማስታወሻ ክፍል የሚመረምር ፕሮግራም ያለበት ሲዲ ነበረኝ፤ በየቦታው እየጻፈ፣ የጻፈውን መልሶ እያነበበ፣ ያልገጠመውን በቀይ የሚያሳይ። ከፈትኩትና ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩ። ደንበኛ እየመጣ ሲመለስ ጋሽ መኮንን ተንጎራደዱ።

«ሰው ማመልከቻ ሊያስጽፍ ቆሟል፤ አንተ ባዶ ስክሪን ታያለህ።»

«ጋሼ፣ ይህ ማሽን የሚዋሽ ይመስለኛል።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«አላውቅም።»

መንጎራደዳቸውን ተዉ። «በዚህ ማሽን ስንት ሰው ማመልከቻ አስጽፏል?» አሉ ቀስ ብለው። ከዚያ በሩን ራሳቸው ዘጉት።

ከቀትር በኋላ አንዲት ቀይ መስመር ወጣች። አጥፍቼ እንደገና አስጀመርኩት። እዚያው ቦታ ላይ እንደገና ወጣች። ስድስት ጊዜ ደጋገምኩት፤ ስድስቱንም ጊዜ ከዚያች ቦታ አልተንቀሳቀሰችም። እኔ ውሸታሞች ተመላላሾች ናቸው፣ ነዋሪዎች ደግሞ ዝምተኞች ናቸው ብዬ ስለማምን ሁለቱን ለየብቻ ነበር የጻፍኳቸው። ይህ ግን ነዋሪም ውሸታምም ነው። በሚሊዮን ከሚቆጠሩ ክፍሎች በአንዱ ውስጥ ተኝቶ ይኖራል። አንድ አሃዝ መጥቶ እላዩ ላይ እስኪያርፍ ድረስ ማንንም አይነካም፤ ያረፈበትን ግን ቀይሮ ይሰደዋል። ሰዓዳ ስታነብልኝ ስክሪኑ ላይ የነበረው ቁጥር ልክ ነበር። ሳስቀምጠው በዚያ ክፍል አለፈ። ከዚያ በኋላ ሲዲውም፣ ፍላሹም፣ ካርዱም የወሰዱት የተቀየረውን ነው።

የዓርብን ቀን የወሰንኩት ያለ ምክንያት ስለነበር አሁን ምክንያት ማግኘት ነበረብኝ። ሰዓዳን ማግኘት አልተቻለም። እናቷ ዘንድ ሄድኩ፤ የሰዓዳም ቁጥር ያለው በእኛው ፋይል ውስጥ ብቻ ነበር፤ ስንደውል ስልኳ ዝግ ነው። ስለዚህ የቀረኝ ምስክር ውሸታሙ ራሱ ነበር። ወረቀት ይዤ ቁጭ አልኩ። እያንዳንዱ አሃዝ ማሽኑ ውስጥ የበሩና የጠፉ መብራቶች ረድፍ ነው። ፕሮግራሙ እንዳሳየኝ የተበላሸችው መብራት ከቀኝ ሦስተኛዋ ናት፤ መጥፋት ሲገባት በርታ ትቀራለች። እሷን አብርተህ ብትተዋት ዜሮ አራት ይሆናል፣ አንድ አምስት፣ ሁለት ስድስት፣ ሦስት ደግሞ ሰባት። ሌላ ውሸት አትችልም። እንግዲህ በሐያት ቁጥር ውስጥ ሊጠረጠሩ የሚችሉት ከአራት እስከ ሰባት ያሉት አሃዞች ብቻ ናቸው። ከእነሱም መነሻው ላይ ያሉት የአገር መለያዎች በሁሉም ሰው ቁጥር ላይ ያሉ ስለሆኑ ከጥርጣሬ ወጡ። የቀሩት ሦስት ነበሩ፤ አንድ አራት፣ አንድ ስድስት፣ አንድ ሰባት። ሦስት አዳዲስ ቁጥሮችን በእጄ ጻፍኩ። በዚያ ማሽን አልጻፍኳቸውም።

ዓርብ ከጁምዓ በኋላ እትየ ዘሃራ መጡ፤ አበጋር ይማምም፣ ማንም ሳይጠራቸው። ጋሽ መኮንን ስልካቸውን በካርድ ሞልተው አቀበሉኝ። የመጀመሪያውን ደወልኩ። አንድ ወንድ አንስቶ በዓረብኛ ተቆጣ፤ ይቅርታ የሚለውን ቃል እትየ ዘሃራ በዓረብኛ ስለሚያውቁት እሳቸው አሉልኝ። ሁለተኛውን ደወልኩ፤ ያቺው የተቀዳች ሴት። ሦስተኛው፣ ሰባቱ ወደ ሦስት የተመለሰበት፣ ጠራ። ሁለት ጊዜ አንጫረረና ዘጋሁት።

ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠን ጠበቅን። ከውጭ የዓሣ ጠባሾቹ ዘይት ይንጫጫል። ልብስ ሰፊው ሳይቀር ማሽኑን አቁሞ በመስኮቱ አንገቱን አስግጓል። ሩብ ሰዓት ያህል ሆነ። እትየ ዘሃራ መቁጠሪያቸውን ማንቀሳቀስ አቆሙ።

ጠራ።

አንስቼ ጆሯቸው ላይ አደረግኩላቸው። ድምፁ ትልቅ ስለነበር ሁላችንም ሰማን። «ማነው?» አለች ሐያት፤ ከዚያ ድምፅዋ ተሰበረ። «ማን ሞቶ ነው? ንገሩኝ፣ ማን ሞቶ ነው?»

«ማንም አልሞተም» አሉ እትየ ዘሃራ። «አብሽሪ፣ የኔ ዓለም። ማንም አልሞተም።»

«እማ! አንች ነሽ? በየገበያው ቀን ስልኬን ብብቴ ሥር ይዤ ነው የምሠራ። ምነው ጠፋሽ? ምን አጠፋሁብሽ?»

እትየ ዘሃራ ወደ እኔ ተመለከቱ። ስልኩን ወደ አፌ አቀረብኩና፣ «ሐያት፣ ከድር ነኝ። አንች ምንም አላጠፋሽም። ቁጥርሽን አበላሽቼ የመዘገብኩት እኔ ነኝ» አልኩ። «በል ለእማ መልስልኝ፤ ብሬ እያለቀ ነው» አለች።

ከዚያ በኋላ ሁለቱ ምን እንዳወሩ አላውቅም፤ ወጥተን ደጃፍ ላይ ቆምን። ጋሽ መኮንን፣ «አየህ፣ ማሽኑ ነው ያጠፋው። አዲስ ማስታወሻ ክፍል እገዛለሁ፣ ይቀየራል» አሉ ሊያጽናኑኝ። አበጋር ይማም ግን በዱላቸው መሬቱን መታ መታ አደረጉ።

«ማሽኑስ ይቀየራል። የልጅቱ ስምስ?»

ዱላቸውን ወደ እኔ አዞሩ።

«መንደሩ ሁሉ ‹እናቷን ረሳች› ሲል ከርሟል። ዘሃራ ብቻዋን ብትመልሰው ማን ያምናታል? እናት ናት፣ ትሸፍናለች ይሏታል። ልክ ነው ብለህ የመሰከርከው አንተ ነህ፤ ምስክርነትህን አንተው ታነሣለህ። እሑድ የመንደሩ ቅሬ ይሰበሰባል። መጥተህ ሰው ፊት ትናገራለህ። ካሣህ ይኸው ነው።»

በቅሬ ስብሰባ የመንደሩ ሰው ለቀብርም ለምክርም አንድ ላይ ይቀመጣል፤ ከመቶ ሰው አያንስም። እኔ ደግሞ ሦስት ሰው ካለበት ክፍል ውስጥ ስሜን ስጠየቅ እንኳ የሚያልበኝ ሰው ነበርኩ። «ገንዘብ ብከፍልስ አባ ይማም?» አልኩ። «ገንዘብ ስም አይመልስም» አሉ፤ አለቀ።

ቅዳሜን ማሽኑን ስፈታ ዋልኩ። የተበላሸውን ክፍል አውጥቼ እንዳይደባለቅ በቀይ ክር አሠርኩት። ጋሽ መኮንንና እኔ በዚያ ማሽን የታተሙትን ካርዶች ባለቤቶች ስም ዝርዝር በእጅ ጽፈን፣ በየገበያው ቀን አንድ በአንድ ልንፈትሻቸው ተስማማን፤ ሥራው ሁለት ወር ፈጀ፣ ሌላ የተበላሸ ቁጥር አልተገኘም። እሑድ ጧት ግን ሌላ የተበላሸ ቁጥር አለመኖሩን ገና አላውቅም ነበር። በመጀመሪያው ሚኒባስ ተሳፍሬ፣ ከአስፋልቱ ወርጄ፣ አንድ ሰዓት ያህል ዳገት ወጥቼ ደረስኩ። የምናገረውን መንገዱን ሙሉ እየደጋገምኩ ነበር የሄድኩት፤ አንድም ቃል እንዳይጎድል፣ አንድም ቃል እንዳይበዛ።

ሰዉ ከዋርካው ሥር ተቀምጧል፤ ወንዶቹ በአንድ ወገን፣ ሴቶቹ በሌላው። እትየ ዘሃራ ከሌሎቹ ሴቶች ራቅ ብለው ተቀምጠው ወደ መሬት ይመለከታሉ። አበጋር ይማም አስነሡኝ። እግሬን ገጥሜ ቆምኩ።

«ከድር እባላለሁ። ሐይቅ ላይ ኮምፒውተር እሠራለሁ። የሐያት ቁጥር ላይ ሰባት ብዬ የጻፍኩት ሦስት ነበር። ሐያት እናቷን አልረሳችም፤ በየገበያው ቀን ስልኳን ይዛ ስትጠብቅ ነበር። እናቷን ‹ቁጥሩ ልክ ነው› እያልኩ ስመልሳት የነበርኩት እኔ ነኝ። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

ከኋላ አንድ ሽማግሌ መዳፋቸውን ጆሯቸው ላይ አድርገው ወደ ፊት ዘንበል አሉ።

«ምን አለ ልጁ? እኛ ጋ አልተሰማም! ጮክ በልና ድገመው!»

ሴቶቹ ሳቁ። እትየ ዘሃራ ቀና አሉ።

ትንፋሽ ሰበሰብኩና፣ ከመጀመሪያው ቃል ጀምሬ፣ ጮክ ብዬ ደገምኩት።